ሳንታመም ሆራ የወረድን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከጅማው ሄርማታ ገበያ ስመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አዲስ የተሠራ ሆቴል ፊት ለፊት ስንደርስ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆምን። ከሆቴሉ በር በላይ በሆዷ የተኛች፣ ዐይኗን የጨፈነች ሴት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር ድንጋይ ደርድረውባታል፤ ከሥሩ በትልቁ «ስፓ» ይላል። ሹፌሩን ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እሱ ነው እማማ? ሰው ሳይታመም የሚታጠብበት ነው» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ «ምነው፣ በጤና?» አለ። በጤና ነው። ብቻዬን መንገድ ላይ የምስቅ ሴትም አይደለሁም። ግን ሳይታመሙ መታጠብን በዚህ አገር የጀመርነው እኔና ባለቤቴ ግርማ ሳንሆን አንቀርም፤ ይህንን ለአንድ ባጃጅ ነጂ ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ግርማ የቡ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ መካኒክ ነበር። ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ማሽኑ ቀንም ማታም ስለሚሠራ ባሌን የማየው ልብሱን ሲቀይር ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ማሽኑ ይቆማል፤ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ስለዚህ እግዜር ለእኛ የሰጠን የዕረፍት ወቅት መንገዱ ሁሉ ጭቃ የሆነበትን ነው።

የምንኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ እናቱ ቤት ነበር። እማማ ብርቄ ከሸዋ ከባላቸው ጋር መጥተው ጅማ የቀሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ አንድ ልጃቸውን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው እየሸጡ አሳደጉ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው ቢባልም አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለየው መጋረጃ ነበር፤ ከወዲያ እሳቸው፣ ከወዲህ እኔና ግርማ። አማቴ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉ አማት ያላት ሴት የሚያዝንላት ጎረቤት አታጣም። እሳቸው ግን ደግ ነበሩ። ወጡን እኔ እሠራዋለሁ፣ እሳቸው ቀምሰው ጨው ይጨምሩበታል። ሸሚዙን እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው አውርደው እንደገና ያለቀልቁታል። ማታ ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት ቃል ከተነጋገርን ከወዲያ «ግርምሽ፣ ብርድ መታህ እንዴ?» ይላሉ።

«ኧረ ደኅና ነኝ እማዬ።»

ጨዋታችን እዚያ ላይ ያበቃል። ከተጋባን ዓመት አልፎን ልጅ አለመውለዳችንን ጎረቤት ማንሳት ጀምሮ ነበር። በዚያ መጋረጃ እንዴት ብለን?

ያን ክረምት ለራሴ ቆረጥኩ። ወይ የራሳችን በር ያለው ቤት፣ ወይ እኔ ወደ አጋሮ፣ ወደ አባቴ ቤት። ቸግሮኝ የነበረው መቁረጡ አልነበረም፤ ለግርማ የምነግርበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ከተናገርኩ ለሁለት ሰው መናገር ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ግርማ እየተራመደ ቁም ነገር የማይገባው ሰው ነው።

ሆራ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ አንድ ባልደረባው ሚስቱን ይዞ ሶደሬ እንደሄደ፣ ጫጉላውን ፍል ውሃ ውስጥ እንዳሳለፈ ሲያወራ ሰምቶ መጣ። ሶደሬ ባይኖረን እኛም ሆራ አለን። ሆራ በኦሮምኛ ማዕድን ያለው ውሃ ነው። ከአጋሮ ወዲያ፣ ቡናው በራሱ ጊዜ ጫካ ውስጥ በሚበቅልበት አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ፍል ውሃ ዙሪያ ተሰብስባ ትኖራለች። ስሟን መጻፍ አያስፈልግም፤ እኛ ሰፈር «ሆራ ወረደ» ከተባለ የት እንደሆነ ይታወቃል። የድሮ ነገሥታት ይታጠቡበት ነበር ይባላል። በድንጋይ የታጠረው ገንዳ የእነሱ ነው፣ የቆርቆሮው ቤት የጣልያን ነው፣ የቀረው ሁሉ ጭቃ ነው።

ግርማ ለእናቱ የነገራቸው ምሳ ላይ ነው።

«ሆራ?» አሉ እማማ ብርቄ፣ እጃቸው ትሪው ላይ ቀርቶ። «ማን ታሞ?»

እኔ የጠበቅኩት መልስ «ማንም፤ እንዲያው ለመዝናናት» የሚል ነበር። ግርማ እኔን አየ፤ እናቱን አየ።

«ወገቤን» አለ።

«ወገብህን! ከመቼ ጀምሮ?»

«ቡና ከገባ ጀምሮ።»

«ይኼን ሁሉ ወር ታመህ ዝም አልከኝ?» ዐይናቸው እንባ ሞላ። እግዜር አይቸኩልም እንጂ ይሰማል፤ ዛሬ ግርማ የእውነት ወገቡን ያመዋል።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። «የማስታምመው እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ገና ልጅ ናት፤ የሆራን ሥርዓት አታውቅም።» በሐሳቤ እኔ ቤት ስጠብቅ፣ እናትና ልጅ ፍል ውሃ ዳር ተቀምጠው አየኋቸው። ያዳነችን ማርያም ናት። የወሩ ማኅበር ተራ የእሳቸው ሆኖ ጠላው ተጠንስሶ ነበር፤ ማኅበርተኛ ጠርቶ ጥሎ መሄድ ደግሞ አይታሰብም።

ያም ሆኖ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። በሶ፣ ቅቤ፣ ሁለት ጋቢ፣ ትራስ ሳይቀር ይዘዋል። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ «ሆራ የሚወርድ አለ?» እያሉ ጠየቁና አባ ቡልጉን አገኙ። አባ ቡልጉ ከየቡ ወዲያ ቡና ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየክረምቱ ሆራ ይወርዳሉ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው መቁጠሪያ ይዘዋል።

«አደራ አባቴ፣ አንድ ልጄ ነው» አሏቸው እማማ ብርቄ። «ወገቡን ነው። ያፍራል፣ ሕመሙን አይናገርም።»

«አደራዎ ከራሴ ላይ ነው» አሉ አባ ቡልጉ። «ኢንሻአላህ ጤነኛ አድርጌ እመልስልዎታለሁ።»

ግርማ በሐፍረት ሊሞት ደረሰ። እኔ በመስኮት ዝናቡን አየሁ።

እስከ አጋሮ መንገዱ አያስከፋም። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከላዩ ትልልቁ ዛፍ ጥላውን ዘርግቶበት፣ ክረምት ላይ ቅጠሉ በዘይት የታሸ ይመስላል። በየመንደሩ ደጃፍ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ከአጋሮ አልፈን ብዙም ሳንሄድ ግን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ወንዶች ሁሉ ወረዱ። ግርማም እጅጌውን ሰብስቦ ሊወርድ ሲል አባ ቡልጉ በከዘራቸው ደረቱን ያዝ አደረጉት።

«ታኢ!» አሉ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። «ወገብህ!»

ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ገብተው «ያ ረቢ!» እያሉ አውቶቡስ ሲገፉ፣ ጎረምሳው ባሌ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ በመስኮት አያቸው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ «ውሸቴን ነው» ብሎ አልወረደም። ቆይቼ ሳስበው መውረድም አይችልም ነበር፤ በሰው ፊት የተቀበሉትን አደራ ውሸት ነው ማለት ሽማግሌውን ማዋረድ ነው።

ሆራ ስንደርስ ከገንዳው የሚወጣው እንፋሎት ከደመናው ጋር ተያይዞ ከተማዋ አትታይም። ውሃውን የሚጠብቁት አዴ ዘሀራ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ ሴት ነበሩ። የመጣውን ሁሉ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ።

«አካም ጅርቱ! እንዴት ናችሁ? አንተስ ምንህን ነው?»

ግርማ አፉን ሳይከፍት አባ ቡልጉ መለሱ። «ወገቡን ነው። እናቱ አደራ ብለውኛል።»

«አንቺስ ኢንተላ ኮ? ልጄ፣ ምንሽን ነው?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። አብሬው መጥቼ ነው።»

«አሃ፣ አስታማሚ!» አሉና ሥርዓቱን ነገሩን። ውሃ የያዘ ሰው ከሚስቱ ይርቃል፤ ስለዚህ ወንዶች ታችኛው ቤት፣ ሴቶች ላይኛው ቤት። አስታማሚ ደግሞ ውሃ አይገባም፤ ውሃው ጉልበት ይጨርሳል፣ ሁለቱም ከደከሙ ማን ማንን ይደግፋል? ግርማ ወደ ታች ሄደ። እኔ ትራሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከመጋረጃ ሸሽተን ግድግዳ ላይ ወደቅን።

እንግዲህ የእኛ ሽርሽር ይኼን ይመስል ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ለበሽተኛዬ ገንፎ አገነፋለሁ። ከውሃ ሲወጣ ጋቢ ይዤ ዝናብ ላይ እጠብቀዋለሁ። እርጥብ ልብሱን ምድጃ ላይ አደርቃለሁ። እማማ ብርቄ ቤት ጨው የሚጨምርልኝ ሰው እንኳ ነበረኝ። ግርማ ደግሞ የእሱን አየ። አባ ቡልጉ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ገንዳው ውስጥ ያቆዩታል፤ ሲወጣ ቅቤ ቀብተው ጀርባው ላይ ሁለት ሰው ያቆማሉ። ይኼም አልበቃ ብሏቸው በቀንድ ደም የሚስብ ዋግምት አድራጊ ጠሩለት። ባሌ ያላመመውን ወገብ በምላጭ አስበጣ።

«እምቢ አትልም?» አልኩት ጋቢውን ሳለብሰው።

«አደራ አለብኝ ይሉኛል። ምን ብዬ እምቢ ልበል?»

ሳልስቅ መቅረቴ ዛሬም ይገርመኛል። ተናድጄ ነበር።

ሴቶቹ ቤት ግን ከፋኝ ብል ውሸት ነው። ቁርበት ላይ ተደርድረን እንተኛለን፤ ከጌራ የመጣ ነጭ ማር ይዞራል፣ ጎደሬ ይቀቀላል። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ተብሎ አይበቃም፤ እያንዳንዷ በሕመሟ ነው የምትጠየቀው። «ክንድሽ እንዴት አደረ? ራስ ምታትሽስ?» እኔን «የባልሽ ወገብ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ደኅና አድሯል እላለሁ። ከተዳርኩ ወዲህ ማንም ሳያዳምጠኝ የተኛሁት እዚያ፣ በማላውቃቸው ሴቶች መሐል ነው።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ገንፎውን ይዤ ከገንዳው በላይ ካለው ሾላ ዛፍ ሥር አገኘሁት። ጎንበስ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ የተበጣው ቦታ ልብስ ሲነካው ያቃጥለዋል።

«ግርማ» አልኩት፣ «እናትህ እዚህ ስለሌሉ ቀስ ብዬ አልናገርም። ነገ አውቶቡሱ አጋሮ ለምሳ ሲቆም ሻንጣዬን ይዤ እወርዳለሁ። የራሳችን በር ያለው ቤት ያገኘህ ቀን መጥተህ ትወስደኛለህ።»

የጎረሰውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት። «እማዬን ብቻዋን እንዴት? እኔ እኮ አንድ ልጅ ነኝ።»

«አንተም ሚስትህ አንድ ናት።»

ሳህኑን ሰጠኝና ወገቡን ይዞ ወደ ታችኛው ቤት ወረደ። ከኋላው ሳየው አሳዘነኝ። መናደዴ ግን አልበረደም፤ ማዘንና መናደድ አብረው ይኖራሉ።

ሆራ የሚሰናበት ሰው በጠዋት ገንዳው አጠገብ ቆሞ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምን ትቶ እንደሚሄድ ጮክ ብሎ ይናገራል። የተሰበሰበው ሰው «ውሃው ይውሰደው» ይላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን ይላል። ዝም ብሎ የሄደን ሰው ሕመሙ እስከ ቤቱ ይከተለዋል ይባላል። መጀመሪያ አባ ቡልጉ ቆሙ። «ጉልበቴን ይዤ መጣሁ። አልሀምዱሊላህ፣ ግማሹን ትቼዋለሁ፤ ግማሹን ለከርሞ።» ሰው ሳቀ። ከዚያ ግርማን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።

ግርማ ቆመ። አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«እኔ ወገቤን አላመመኝም» አለ። «መጀመሪያውንም አላመመኝም። ከሚስቴ ጋር ለብቻችን መሆን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ይኼን ለእናቴ መናገር ፈርቼ ወገቤን አልኩ። ሕመሜ እሱ ነው፤ ፍርሃቱ።»

«ውሃው ይውሰደው» ያለ ሰው የለም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አባ ቡልጉ አልሳቁም።

«ዋይ! ጤነኛ ሰው አስበጣሁ?» አሉ። «አሁን ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እርስዎ ምንም አይበሉ አባባ። እኔ እነግራታለሁ።»

እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። «እነግራታለሁ» ሲል ሰማሁት። ባሌ ይህን ቃል ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ አዴ ዘሀራ ወደ ሰዉ ዞረው። «ይኼም ሕመም ነው። በሉ እንጂ!»

«ውሃው ይውሰደው» አለ ሰዉ።

አጋሮ ስንደርስ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። የአባቴ ቤት ከቆምንበት ጀርባ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለው የማንጎ ዛፍ ይታያል። እኔና ግርማ አንድ ትሪ ጥብስ በላን። ሻንጣዬ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ነበር። ይውረድ አላልኩም፤ ግርማም አልጠየቀኝም፣ እጄን ብቻ ያያል። ረዳቱ ሲጣራ እጄን ታጥቤ ተሳፈርኩ። አባ ቡልጉ የቡ ሲወርዱ ግርማን ትከሻውን መታ አድርገው «ወገብህን ተጠንቀቅ» አሉት። እንደታረቁት ያኔ ገባን።

ግርማ የወገቡን ውሸትም፣ ቤት ተከራይተን ልንወጣ መሆኑንም ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የነገራቸው። እማማ ብርቄ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅሙ ነበር። እሱ እየተንተባተበ ሲጨርስ ቀና አሉ።

«ሩቅ ነው?»

«ሄርማታ ነው እማዬ፤ በእግር የሚደረስ።»

«ሄርማታ ቅርብ ነው» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው «ወገብህስ?» ብለው ጠየቁ። «ደኅና ነው» አላቸው። ለቅሶና እርግማን ጠብቄ ለነበርኩት ነገሩ ቀለለኝ።

ሄርማታ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። የበሩን መቀርቀሪያ ግርማ ራሱ ሠራው። የመጀመሪያ ቀን በሩን ዘግተን ተቀመጥንና የምናወራው ጠፋን፤ ለካ ሹክሹክታ ለምደን ድምፃችንን አናውቀውም። በየእሑዱ እማማ ብርቄ ቤት ምሳ እንበላለን። «እንዴት ነዎት?» እላለሁ፤ «ደኅና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ይላሉ።

በከርሞው ክረምት እሳቸው ራሳቸው ሆራ ልውረድ አሉ። እግራቸውን ይቆረጥማቸው ነበር። ግርማ ሥራ ስለነበረበት አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። አዴ ዘሀራ በር ላይ ቆመዋል፤ እኔን አይተው ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እርስዎስ እናቴ፣ ምንዎን ነው?»

«እግራቸውን ነው» ልል አፌን ስከፍት እማማ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ። እንፋሎቱን ያዩ ነበር።

«ቤቱ ሰፋኝ» አሉ።

አዴ ዘሀራ አልሳቁም። መቀነታቸውን እያጠበቁ ጥቂት አሰቡ።

«ለእሱ እዚህ ውሃ የለንም» አሉ። «ግን ይግቡ።»

ገቡ። እኔ ጋቢያቸውን ይዤ ዝናብ ላይ ቆምኩ፤ አለቀስኩም። በመውጣታችን አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እወጣለሁ፤ ሁለት ልጆች ወልደን ያሳደግነው በሩ ስለነበረን ነው። ዓመቱን ሙሉ በየእሑዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ደኅና ነኝ» ያሉኝ ሴት እውነቱን ለማያውቁት ሰው ሲናገሩ መስማቴ ግን ቆረጠኝ። ከዚያ በኋላ ስንመለስ ከእሑድ ሌላ ረቡዕም መሄድ ጀመርን። ወጥ ስሠራ ጨው እያሳነስኩ እተውላቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ አላወቁብኝም፤ ወይም አውቀው ዝም ብለዋል።

አሁን እኔም የዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ላይ ደርሻለሁ። ልጆቹ አዲስ አበባና አዳማ ናቸው። ሲደውሉ ደኅና ነኝ እላቸዋለሁ፣ ደኅናም ነኝ። ትናንት ዝናቡ ሲዘንብ ግርማ ወገቡን አሞት ጋደም ብሎ ነበር፤ ትልቋ ልጄ ደወለችና «እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ የምመልሰው አላጣም ነበር።

«ምንም» አልኳት። «ቤቱ ሰፍቶኝ እየዞርኩት ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ።